ሁለቱ የተጠሙ

አዳማ ውስጥ ባጃጅ ሲበላሽ የሚጠራው እኔ ነኝ። ማንም አላስተማረኝም፤ ሞተር እየፈታሁ እየገጠምኩ ነው የለመድኩት። ዛሬ ኮሌጅ የጨረሱት ራሳቸው መጥተው ያማክሩኛል። በቀልድም የሚያክለኝ የለም፤ ለቅሶ ቤት ገብቼ አልቃሽ አስቃለሁ። እና የታላቅ እህታችን ኩላሊት ሥራ ሲያቆም፣ ታናሽ ወንድማችን ደግሞ አርሲ ነገሌ ቁጭ ብሎ ጉበቱን በአረቄ ሲጨርስ፣ መላ የመታሁት እኔው ነበርኩ።

«አንድ ቤት ይኑሩ» አልኩ። «እሷ እሱን ትጠብቅ፣ እሱ እሷን።»

ነገሌ ጎረቤቱ ሁሉ አረቄ ያወጣል፤ እዚያ ሆኖ እንዴት ይተዋል? አዳማ እህታችን ቤት አመጣሁት። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ብትቀምስ ትሞታለህ» ብሎታል። እሷ ደግሞ የኩላሊት እጥበት ላይ ስለሆነች ውሃ የሚሰጣት ተለክቶ ነው፣ ለዚያውም በዚህ በአዳማ ሙቀት። የሚለካላት እሱ ነው። እጁ እየተንቀጠቀጠ ጠብ ሳያደርግ ይቀዳላታል።

«አንዷን ውሃ፣ አንዱን አረቄ ጠምቷቸው እኔ ብቻ ጠጥቼ ልሙት እንዴ?» እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ይስቁልኝ ነበር።

አንድ ቀን አክስታችን ከነገሌ ሊጠይቋት መጡ። በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅም። ሐኪም የከለከላትን ብርቱካንና ሙዝ ይዘው መጡ፤ በውሃ ፕላስቲክ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አረቄ። «ለሆዷ ነው» ብለው አልጋው ሥር አስቀምጠውላት ሄዱ። የወንድሜን ነገር ረስተውት አይደለም። እሳቸው ዘንድ ነጭ ሽንኩርት የገባበት አረቄ መድኃኒት ነው እንጂ መጠጥ አይደለም።

ከሰዓት በኋላ እህቴ ደወለች።

«ቶሎ ና። አረቄ አቅፌ ተኝቻለሁ።»

«እንዴ! አንቺም ጀመርሽ?»

«አትቀልድ! ና!»

ስደርስ ፕላስቲኩን ብርድ ልብስ ውስጥ በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጣብቃዋለች። ወንድሜ ደጃፉ ላይ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ቤት ሲጠርግ ነው ያገኘው። ክዳኑን ሳይከፍት ሰጥቷት «ያዥልኝ፤ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ» አላት። ትንሽ ቆይቶ ለመናት። ከዚያ ተቆጣ።

«ሰደብኳት» አለኝ፣ ሳይዞር።

«ምን ብለህ?»

«‹አንቺ እንደሆነ ሟች ነሽ፣ ለምን ትከለክይኛለሽ› አልኳት።»

«ይስደበኝ» አለች ከውስጥ። ድምጿ ቀጥኗል፤ ግን ኩራት አለበት። «አልሰጠሁትም።»

ተቀብያት ሽንት ቤት ደፋሁት። ግቢው በሙሉ ሸተተ። እሱ አፍንጫውን በክንዱ ሸፍኖ ግድግዳውን ተደገፈ።

«በሉ፣ ዛሬ በረሮዎቹ ሠርግ አላቸው» አልኩ። አንድም የሳቀ የለም።

«ውሃ» አለች እህቴ። «ጉሮሮዬ ተጣበቀ።»

«የዛሬው አልቋል፣ እትዬ» አላት።

«አንዴ ብቻ። ስሞትልህ።»

እሷ ሰው ስትለምን አይቼ አላውቅም። እኔ ብሆን ብርጭቆውን ሞልቼ እሰጣት ነበር። እሱ ጥጥ አርሶ ከንፈሯን አበሰላት፤ እጁን ይዛ ጥጡን ለመምጠጥ ስትታገል ቀስ አድርጎ አስለቀቃት። ሁለቱም ያለቅሳሉ።

ሊሸኘኝ እስከ ግቢው በር ወጣ።

«እሷ ከሄደች ማን ይይዝልኛል?» አለኝ።

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ!» ደረቴን ነፋሁ።

ትክ ብሎ አየኝ።

«አንተማ ታስቀኛለህ» አለ። «ስለምንህ ግን ትሰጠኛለህ።»

አልሰጥህም ልለው አፌን ከፈትኩ። በልቤ ለእሷ የሞላሁት ብርጭቆ ትዝ አለኝ። «እትዬ ብቻዋን ናት» ብሎ በሩን ዘጋና ተመለሰ።