የደጊቱ ቆርቆሮና የፀሐይ ማዕበል

ደጊቱን የማያውቅ ሰው ግትር ናት ይላል። እኔ ጎረቤቷ ስንዱ ልንገራችሁ፤ እሷን ያህል ቻይ ሴት ሱሉልታ አላየችም።

ባሏ ኦቦ ቦጂያ የመርፌው ቤት ዘበኛ ነበር። መርፌው ቤት የምንለው የአዲስ አበባ ሰዎች ሜዳው ላይ የሠሯትን የእንጨት ጎጆ ነው። ውስጧ የተንጠለጠለው የማግኔት መርፌ የምድርን የማግኔት ጉልበት እየተከተለ ሲወዛወዝ ወረቀት ላይ መስመር ይወጣል። ብረት ከተጠጋው ይሳሳታል። የጎጆዋ ሚስማር እንኳ መዳብ ነው፤ ቦጂያም ማረሻውን የሚያሳድረው ከሜዳው ማዶ እኔ ግቢ ነበር። ቤታቸው ጎጆዋ አጠገብ ስለነበር "ቆርቆሮማ እንዳታስቡት!" ተብለው፣ ሰፈሩ ሁሉ ቆርቆሮ ሲያለብስ ደጊቱ የሚያፈስ ሳር ቤት ውስጥ ቀረች። ክረምት በመጣ ቁጥር ገንቦ ትደረድራለች፣ ሳሉም አልለቃት አለ። አንጀቴን ትበላው ነበር። አንዳንዶቹ ደግሞ "የመርፌ ሙሽራ" እያሉ ያሾፉባታል፤ አፋቸው ይቆረጥ!

በስድሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ነሐሴ ሊገባ ሲል፣ መርፌውን የሚከታተለው አቶ ብዙነህ ወረቀቱን ይዞ እየሮጠ መጣ። መስመሩ እንደ ፍየል ዘሎ ከወረቀቱ ወጥቷል።

"ወይዘሮ ደጊቱ፣ ምን ብረት አስገቡ? ካገኘሁ ቦጂያ ከሥራው ይወጣል!"

"ዋቃዮ! ምን አለኝና?"

አልጋውን ገለበጠ፣ እህሉን በረበረ። ጣሪያው አንገቱ ላይ ያንጠባጥብበታል። ምንም አላገኘም፤ ግን ሳያምናት ሄደ። ደጊቱ ያን ቀን እህል አልቀመሰችም።

ከሳምንት በኋላ ባርኔጣውን አውልቆ ተመለሰ። እኔም እዚያው ነበርኩ።

"ይቅር ይበሉኝ። ፀሐይ ናት" አለ። ፀሐይ ስትቆጣ የምትተፋው ነገር ምድርን ከከበባት የማግኔት ጉልበት ጋር ተጋጭቶ ያናውጠዋል፤ የሌላ አገር መርፌዎችም በዚያው ሰዓት ዘለዋል። እሱ ከሁሉ የከፋ እንዲህ ያለ የፀሐይ ማዕበል ቢመጣ የምድርን ማግኔት ምን ያህል እንደሚያናውጠው አስቀድሞ በስሌት ለማወቅ ነው የሚደክመው። የአሁኑ ግን ከስሌቱ አልፎ ሄደ።

ደጊቱ ሰማችውና፣ "ፀሐይ ከዚያ ሆና ስታናውጠው ዝም፣ የኔ ቆርቆሮ ሲሆን ክልክል?" አለች።

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

"ማዶ ያለው የስንዱ ቆርቆሮስ?"

"እሱ ሩቅ ነው፣ አይደርስበትም።"

"እኔም ማዶ ብሠራስ?"

"ይቻላል። ቦጂያ ብቻ ማታ ማታ እዚህ ይደር።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገሩንም?"

ሰውየው ገንቦዎቹን አየ። "የጠየቀኝ ሰው አልነበረም" አለ።

እውነቱን ነው፤ አትሥሩ ተባሉ፣ እሺ አሉ፣ እኛም አልጠየቅንም፣ በቃ!

ጥቅምት ላይ ከግቢዬ ጥግ መሬት ቆርሼ ሰጠኋት፣ ሰፈሩም በደቦ የቆርቆሮ ቤት ሠራላት። የበልጉ የመጀመሪያ ዝናብ ሲመጣ አብሬያት ተቀምጬ ነበር። የቆርቆሮው ጩኸት አይጣል ነው! መደማመጥ አቃተን። ጆሮዋ ሥር ተጠግቼ፣ "አይረብሽሽም?" አልኳት።

እንባዋ ይወርዳል።

"ይጩህ ተዪው" አለችኝ። "ዝናቡ ውጭ ነው ያለው።"