ፊት መሣል በሰባተኛ ክፍል

ቡሬ ባለ አንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ሥዕል የማስተምረው እኔ ብቻ ነኝ። ትምህርት ቤቱን የሚመሩት ሲስተሮች ከየትም ብለው ወረቀትና ቀለም አያሳጡኝም። ትንንሾቹ ቀለም ይለያሉ፤ ሦስተኛና አራተኛዎቹ ቅጠልና ማሰሮ ይሥላሉ፤ አምስተኛ ላይ ብርሃንና ጥላ ይመጣል። የሰው ፊት ሰባተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በፊት እጃቸው አይታዘዝላቸውም።

አንዲት ተማሪዬ ሦስተኛ ክፍል ሳለች እናቷ በወሊድ ሞተች። አባቷ ገጠር የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው፤ ልጅቷ ከተማ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ነበር የምትማር። አርባው ካለፈ በኋላ አባትየው እጇን ይዘው ክፍሌ ድረስ መጡ።

«መምህር፣ የሟች ፎቶ የለንም» አሉኝ። «አንዲት የመታወቂያ ፎቶ ነበረች፤ እሷም ዝናብ ገብቶባት ፊቷ ጠፋ። ይህች ልጅ ሥዕል ትችላለች ሲሉኝ እናቷን ትሥልልኝ ብዬ ነው።»

እዚያው ቁጭ ብላ ሣለች። ክብ ራስ፣ ሁለት ነጠብጣብ ዓይን፣ እንደ ማጭድ የታጠፈ አፍ። አባትየው አይተው ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጉት። እኔም ሞከርሁ። «ግንባሯ ሰፋ ያለ ነው፤ አገጯ ላይ ንቅሳት አላት» እያሉኝ ስሥል ሳጠፋ ቆየሁ። የወጣችውን ሴት ግን ማናችንም አናውቃትም።

«ይቅር መምህር፣ አደከምሁዎ» አሉ።

ልጅቷ፣ «ግድ የለም አባዬ፣ ስማር እሥላታለሁ» አለች።

መንገድ ተዘግቶ ትምህርት ሲቋረጥ፣ ሲከፈት፣ ሰባተኛ ክፍል ደረሰች። ፊት ስንጀምር ከሁሉም ቀድማ ገባት። የዘበኛችንን ፊት ስትሥል ቁርጥ እሳቸውን ነበር።

አንድ ቀን ሌሎቹ ወጥተው እሷ ብቻ ቀረች። ፊት ለፊቷ ባዶ ወረቀት አለ።

«ቲቸር፣ እናቴ አትመጣልኝም» አለችኝ። «ድምጿን አስታውሳለሁ፤ ቀሚሷን አስታውሳለሁ። ፊቷን ሳስብ የአክስቴ ይመጣብኛል።»

«መስታወት ይዘሽ የራስሽን ለመሣል ሞክሪ፤ እናትሽን ሳትመስዪ አትቀሪም» አልኋት።

«እኔ አባቴን ነው የምመስለው» አለች፤ ፊቷን ክንዷ ላይ ደፍታ አለቀሰች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ አባቷን ይዛ መጣች። እናቷን የሣለቻት ከኋላ ነበር፦ መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ፣ እንስራ አዝላ፣ ከወንዝ ሽቅብ ወደ ቤት ስትሄድ። ቄሱ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግተው ብዙ አዩት።

«አዎ» አሉ፤ «አካሄዷ ነው። እሷው ናት።»

ከዚያ፣ ለእኔም ለልጃቸውም ሳይሆን፣ «ምናለ አንዴ ዞር ብትልልን» አሉ።

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔ ንጹሑን ሰሌዳ መጥረግ ጀመርሁ። ቄሱ ሥዕሉን ጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ መስቀል አሳልመውኝ፣ ልጃቸውን አስከትለው ወጡ። ወዲያው አንደኛ ክፍሎች እየተጋፉ ገቡና ከለራቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት።