ሁሩሙ ላይ መኪና የቆጠርኩበት ሳምንት

ከመቱ ወደ ሁሩሙ የሚመጣው መንገድ የፍጥነት መንገድ ይሁን አይሁን የሚለው ከመወሰኑ በፊት መኪና ይቆጠር ተባለ። ለቆጠራው አሥረኛ ክፍል የጨረሰ፣ የእጅ ጽሑፉ የሚነበብ ሰው ተፈለገ። እኔ አሥረኛን የጨረስኩት ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ ጽሑፌ ግን ይነበባል። ተቀጠርኩ።

ሥራው እንደኔ ላለ ሰው የተፈጠረ ነበር። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ዝም ማለት። በቅጹ ላይ የቤት መኪና፣ ሚኒባስ፣ አውቶቡስ፣ የጭነት መኪና፣ ባለሦስት እግር የሚሉ ዓምዶች አሉ። አንድ ባለፈ ቁጥር አንድ ጭረት፤ አምስተኛው በአራቱ ላይ አግድም ይሰመራል። ዳር ላይ «አስተያየት» የምትል ጠባብ ዓምድ አለች። ለአህያ፣ ለከብት፣ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ግን ዓምድ የለም። እዚያ መንገድ ላይ ከሁሉም የሚበዙት እነሱ ስለሆኑ ይህ ትንሽ ከነከነኝ።

የተቀመጥኩት ከተማው መግቢያ ላይ፣ በእትዬ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነው። እትዬ በወጣትነታቸው ለንግድ ከደቡብ በኩል መጥተው እዚሁ የቀሩ ሴት ናቸው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ያፈጥኑታል።

«የሚያልፉትን ብቻ ነው የምትጽፊው? የቆሙትን አትጽፊም?» አሉኝ።

«የቆሙትን አልጽፍም።»

«እንግዲያው የኔ ደንበኞች ከቁጥር አልገቡም በያ!»

ረፋዱ ላይ አንድ ባጃጅ አለፈ። ጻፍኩ። ተመልሶ አለፈ፤ ጻፍኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ቀና ብዬ አየሁት። ሰው አልጫነም። ከኋላው ሌሎች ባጃጆች ተከትለውታል፣ ሁሉም ባዶ፣ ሁሉም ጥሩምባ ይነፋሉ። ሙሽራ የሌለበት የሠርግ አጀብ ይመስሉ ነበር።

ፊት ፊት የሚነዱት ጋሼ ናቸው፤ ከከተማው የባጃጅ ሾፌሮች በዕድሜ የሚበልጡት፣ ሁሉም የሚሰማቸው ሰው።

«ጋሼ፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?»

«ምን ይጠፋብኛል! ብዙ ከተቆጠረ መንገዱ ይሠራል ተብሏል። እያገዝንሽ ነው፣ ያ ኢንተሎ፣ አንቺ ልጅ!»

እትዬ ከውስጥ ሆነው፣ «ነዳጁ ሲያልቅ በእግራችሁ ዙሩላት!» አሉ።

ምን አደርጋለሁ? መመሪያው ያለፈው ሁሉ ይጻፍ ይላል እንጂ ለምን እንዳለፈ ጠይቂ አይልም። ጣቴ እስኪደነዝዝ ጻፍኩ።

ጋሼ ሻይ ሊጠጡ ሲቀመጡ ለምን እንዲህ እንደጓጉ ነገሩኝ። አንድ ክረምት ምጥ የያዛት ሴት ጭነው ወደ መቱ ሆስፒታል ሲሄዱ፣ ፊታቸው ቡና የጫነ መኪና አለ፣ ከመኪናው ፊት ደግሞ ከብት አለ። ማለፊያ የለም። ልጅቱ ከተማው ሳይገቡ ባጃጁ ውስጥ ተወለደች።

«ደህና ናት፤ ዛሬ እየሮጠች ነው። ግን እኔ አዋላጅ ነኝ እንዴ?» አሉ። 

አንድ አመል አለኝ። ማንበብ የተማርኩት ዘግይቼ ስለሆነ ይሁን አላውቅም፣ የተሰጠኝን ወረቀት ሁሉ እስከ መጨረሻዋ መስመር ካላነበብኩ አይሆንልኝም። ምሳ ሰዓት ላይ ከቅጹ ጋር የተያያዘውን መግለጫ አገላበጥኩ። የፍጥነት መንገድ ማለት ምን እንደሆነ ጀርባው ላይ ተጽፏል። ግራና ቀኙ ይታጠራል፤ መግቢያና መውጫው በተወሰነ ቦታ ብቻ ነው፤ እግረኛ፣ እንስሳት፣ ጋሪና ባለሦስት እግር ተሽከርካሪ አይገቡበትም።

ለጋሼ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

«ዱጋዳ?»

«እውነት ነው፤ ይኸው።»

«እኔ የማልገባበትን መንገድ ለማምጣት ነው ጠዋቱን ሙሉ የዞርኩት? ነገ ሥራዬን ሲነጥቁኝ ደግሞ አጨብጭብ በሉኛ!»

እትዬ ሳቃቸው ሲመጣ የያዙትን ማንቆርቆሪያ መሬት አስቀመጡት።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር፤ አንድም ባጃጅ አላየሁም። ሁሉም ከገበያው ጀርባ በጭቃው መንገድ ይሄዳሉ። ማር ይዘው የመጡ ሴቶች እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ሆነው፣ «ባጃጆቹን ዛሬ ምን ነካቸው?» እያሉ በእኛ በኩል አለፉ። የትናንቱ ዓምዴ ሞልቶ ፈሷል፤ የዛሬው ባዶ ነው። በሁለቱም ቀን ያየሁትን ብቻ ጽፌያለሁ፤ በሁለቱም ቀን የጻፍኩት ግን ውሸት ነው። ይህ አላስቀምጥ አለኝ። ስለዚህ አስተያየት የምትለዋ ዓምድ ውስጥ በደቃቅ ፊደል እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ባጃጆቹ ትናንት ባዷቸውን የተመላለሱት መንገዱ እንዲመጣ ነው፤ ዛሬ የጠፉት እንዳይመጣ ነው። የሚፈልጉት መቱ ቶሎ መድረስ ነው፤ የማይፈልጉት ከመንገዱ መባረር ነው። ቦታ ስላልበቃኝ ወደ ጀርባው ተሻገርኩ።

ከሰዓት በኋላ የቆጠራው ተቆጣጣሪ ከመቱ መጣ። ወጣት ነው፤ አነበበና ግንባሩን ቋጠረ።

«እህቴ፣ አስተያየት የሚለው እኮ ለዝናብ ነው። ዘነበ፣ አልዘነበም።»

«እዚህ አገር የማይዘንበውን ቀን ብትጽፍ ይቀላታል» አሉ እትዬ።

«በንጹሕ ቅጽ ገልብጪልኝ፤ ይሄን እንተወው።»

ሰው ፊት ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም። «እንደገና ልቁጠር ካልከኝ እቆጥራለሁ፤ የጻፍኩትን ግን አልሰርዝም» ስል ድምፄ ለራሴም አዲስ ሆነብኝ። ወረቀቱን አጥፎ ቦርሳው ውስጥ ከተተና ሁለት ቀን ጨመረልኝ። ለጋሼ፣ «ሥራ ካለዎት ይለፉ፤ ከሌለዎት ይቀመጡ» አልኳቸው። እንዲያው አደረጉ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው።

የኔን ሐሳብ የጠየቀኝ የለም። ቢጠይቁኝ መንገዱ ይስፋ እላለሁ፤ በምጥ ያለች ሴት ከጭነት መኪና ኋላ መጎተት የለባትም። ግን እኛን በአጥር አስወጥቶ የሚሰፋ መንገድ ለኛ ሰፋ አይባልም።

ከወራት በኋላ መቱ አዳራሽ ውስጥ ንድፉ ለሕዝብ ቀረበ። ከጋሼ ጋር ሄድን። ከትልቁ መንገድ ጎን አንዲት ቀጭን መስመር አለች። የኔ ጽሑፍ ያመጣት ትሁን ሌላ ሰው ያሰባት አላውቅም፤ አልጠየቅኩም። ጋሼ ጣታቸውን አሳረፉባት።

«ይቺስ?»

«የጎን መንገድ ናት፤ ለባጃጅና ለጋሪ» አላቸው መሐንዲሱ።

«ሁለት ባጃጅ ይተላለፍባታል?»

አሰበ። «አንዱ ቆሞ ከጠበቀ።»

«የሚቆመው ማነው?»

አዳራሹ ሳቀ። መሐንዲሱም ሳቀና፣ «ገና ወረቀት ላይ ነው አባቴ፤ ይሰፋል» አለ።

«ወረቀት ላይ ከሆነማ አሁን አስፋው» ብለው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን እርሳስ አነሱና አቀበሉት።

ግራ ቀኝ አየ። ሰው ሁሉ ይጠብቃል። ጎንበስ ብሎ ከመስመሯ ውጪ ሌላ መስመር ጨመረ። በእጁ ስለሰመራት ትንሽ ጠመመች፤ ማስመሪያ ልስጠው ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት ጋሼ ክንዴን ያዙኝ።

«ተይው» አሉ በሹክሹክታ። «ሐሳቡን ሳይቀይር እንውጣ።»