ለየኔታ ሳነብ የዘለልኳት ቃል

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልነገርኩም። አንባቢዬ፣ ፊትህን ስለማላየው ላንተ መናገር ይቀለኛል።

የኔታን በሽታው ገደላቸው ይላል ሰው። እኔ ግን እጄ እንዳለበት አውቃለሁ። ንባብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ይጁቤ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ። አንዲት ቃል ከዘለልኩ በዱላቸው ጫፍ መሬቱን መታ አድርገው «ተመለስ!» ይሉኝ ነበር። መጽሐፉን ማየት አያስፈልጋቸውም፤ በጆሯቸው ብቻ ይይዙኛል።

ከዓመታት በኋላ አንገታቸው ላይ ዕጢ ወጣ። ካንሰር ነው ተባለ። «ገና ነው፤ አሁን ከወጣ ይድናሉ። ድምፅዎ ግን ሊጎዳ ይችላል» አላቸው ሐኪሙ። ልክ ነበር። ያናደደኝም ልክ መሆኑ ነው። ሰው ሁሉ አዎ ያለውን አይደለም እያልኩ ስጽፍ የኖርኩ ሰው፣ አንድ ለጋ ሐኪም በየኔታ ፊት እንዴት ይብለጠኝ?

ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት አርፈው ሳለ ስልኬን አወጣሁ። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጽሑፍ ነው፦ ዕጢው ውስጥ ተወግቶ እዚያው እንደ ሙጫ የሚረጋ፣ መድኃኒቱን ቀስ እያለ ለዕጢው ብቻ የሚለቅ ነገር ተሠራ ይላል። እያየሁ ወደ አማርኛ መለስኩላቸው።

«እስኪ ድገመው» አሉ፣ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው።

ደገምኩት።

«ጉሮሮዬን አይነካም?»

«አይነካም፣ የኔታ። ዕጢ የነበረባቸው ሁሉ ዕጢያቸው ከሰመ ይላል።»

ሳቁ። «እንግዲያ ምን አስቸኮለን! ዳዊት አቅቶህ ስትነፋረቅ የነበርክ ቀጣፊ፣ ዛሬ የፈረንጅ ንባብ ታነብልኝ ጀመር?»

ቆረጣውን ትተው ይጁቤ ገቡ። መድኃኒቱ እስኪመጣ ጠበቁ። ለጠየቃቸው ሁሉ «ተማሪዬ አንብቦልኛል» ይሉ ነበር። እኔ ዝም አልኩ። ወር አለፈ፣ ዝም አልኩ። አፌን ምን ያዘው? መዋረዱን ፈርቼ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። መጀመሪያ የሄደው ያው ድምፃቸው ነው። መልሼ ስወስዳቸው ሐኪሙ «አሁን አይቆረጥም» አለ።

በተዝካራቸው «እስከ መጨረሻው ያነበበላቸው» ተብዬ ከካህናቱ ጎን ተቀመጥኩ። በላሁ። ጠላውንም ጠጣሁ።

አላወቅኩም ነበር ልበል? አውቃለሁ። በግልጽ ተጽፎ ነበር፤ ዕጢ የነበረባቸው፣ ዕጢያቸውም የከሰመው፣ የቤተ ሙከራ አይጦች ናቸው። ያችን ቃል ዘለልኳት። ሲያስደግሙኝም ዘለልኳት። እንግሊዝኛ አይሰሙምና ዱላቸው መሬቱን አልመታም።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ሊለኝ የሚችለው ሰው አፈር ለብሷል። ማድረግ የምችለው ያስተማሩኝን ብቻ ነው፤ ተመለስኩ። አይጦች ይላል፣ የኔታ።