የሐጂ ምጽዋ

ወንድሜን ከመተማ ገበያ አፍሰው ሲወስዱት እናቴ ምጽዋ የሚባል አገር መኖሩንም አታውቅም። ቆስሎ የተመለሰ አንድ የሽንፋ ልጅ ነው የነገረን። "ምጽዋ ነው ያለ፤ ባሕሩን የምታቋርጠውን ጠባብ መንገድ ይጠብቃል። ሙቀቱ ከመተማ ይብሳል በሏቸው ብሏል" አለን። ከዚያ ወዲያ ደብዛው ጠፋ። እናቴ ከእሱ ሌላ ወንድ የላትም፤ እኔም ሌላ ወንድም የለኝ።

ያኔ ሰሊጥ የማበጥረው አንድ ሽማግሌ ነጋዴ መጋዘን ነበር። ሐጂ ነው የምንላቸው። ትውልዳቸው ምጽዋ ነው፤ በሱዳን ዞረው መተማ የገቡ ናቸው። ይህን ብነግራት እናቴ እጄን ጭምድድ አድርጋ ይዛ "ጠይቂያቸው! ምን ዓይነት አገር እንደሆነ ጠይቂያቸው" አለችኝ።

ጠየቅሁ። ምነው ባልጠየቅሁ! እኔ የሚጠጣ ውሃ አለ ወይ፣ ሰው የሚጠለልበት አለ ወይ ስላቸው፣ እሳቸው ከጥንት ጀመሩ።

"ወላሂ፣ ያኔ ምጽዋ ገና ስሟም የለ። ወደቡ ከሷ ወረድ ብሎ አዱሊስ ነበር። የዝሆን ጥርሱ በመርከብ ወደ ግብፅ፣ ወደ ሕንድ ይሄዳል።"

በማግስቱ አዱሊስን አሸዋ ዋጣት፤ ዓረቦች መጡ። ከዚያ ቱርክ መጣ፤ ቱርክ ደግሞ አልሄድ አለ።

"ሐጂ፣ ቱርክ ለኔ ምን ይሠራልኛል? የዛሬውን ይንገሩኝ እንጂ!" አልኋቸው ሰፌዱን ወርውሬ።

"ቀስ ልጄ፣ እንደርሳለን።"

አመሻሽ ላይ እናቴ በር ላይ ትጠብቀኛለች። "ዛሬስ የት ደረሱ?"

"ቱርክ ላይ።"

"ተመስገን" ትላለች፣ ልጇ በመኪና እየመጣ ቱርክ የምትባል ከተማ ያለፈ ይመስል። ታሪኩ ዛሬ ላይ ሲደርስ ልጇም አብሮ የሚደርስ መስሏታል። መጀመሪያ ሳቅሁባት። ኋላ ግን እኔም ቱርኩ እንዲሄድልኝ እቸኩል ጀመር።

ቱርክ ሄደ፣ ግብፅ ገባ። ግብፅ ሄደ፣ ጣልያን ገባ። ጣልያን የሠራውን መሬት ተንቀጥቅጣ አፈረሰችበት፤ መልሶ ሠራ። እንግሊዝ መጣና የወደቡን ዕቃ ነቃቅሎ ሄደ። ሐጂ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይደጋግማሉ። "ያችን ጠባብ መንገድ የያዘ ከተማዋን ያዘ።"

"የሚጠብቃትስ ሰው?"

"መርከብ ካለ በመርከብ ይሄዳል።"

"ከሌለስ?"

ሐጂ ሬዲዮናቸውን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ።

ጃንሆይ ላይ የደረስን ቀን "በቃ፣ ነገ ዛሬ ላይ እንደርሳለን" አሉኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ የወንድሜን ጋቢ አውጥታ አጠበች። ገመድ ላይ አሰጣችው።

በማግስቱ ስገባ ሐጂ ከጆሯቸው የማትለየዋን ሬዲዮ አጥፍተዋታል። የሱዳኑን ወሬ በዓረብኛ ለሰፈሩ ሁሉ የሚያሰሙባት እሷ ነበረች። አበጣሪዎቹ ሴቶች አንዷም ቀና ብላ አላየችኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ከተማዋ መያዟን፣ መንገዲቱ ላይ የነበሩት ማለቃቸውን ሁሉም ሰምቷል። እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።

"እህሳ ሐጂ፣ ዛሬን ይንገሩኛ" አልኋቸው።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ያኔ ምጽዋ ገና ስሟም የለ። ወደቡ ከሷ ወረድ ብሎ አዱሊስ ነበር..."

ይህንንማ ነግረውኛል ልል አፌን ከፈትሁ። ዝም ያለችውን ሬዲዮ አየሁና ገባኝ። ምን እላለሁ? ሰፌዴን አንስቼ ማበጠር ያዝሁ። እሳቸውም ድምፃቸው እየተቆራረጠ ስለ ዝሆን ጥርሱ፣ ስለ መርከቡ እስኪመሽ አወሩልኝ።

መንገዱን ሙሉ ሆድ ይፍጀው፣ ሆድ ይፍጀው እያልሁ ሄድሁ። እናቴ በር ላይ ቆማለች።

"እህስ፣ ደረሱ?"

"ያኔ..." አልኋት፤ "ያኔ ምጽዋ ገና ስሟም የለ። ወደቡ ከሷ ወረድ ብሎ..."

አላስጨረሰችኝም። ሄዳ ጋቢውን ከገመዱ አወረደች። ከዚያ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች።