የጋሼ መኩሪያ ሁለት ሰማይ

በካይሮው ቡላቅ አል-ዳክሩር ሰፈር ኮምፒዩተር በመጠገን የሚታወቁት ጋሼ መኩሪያ ባለፈው እሑድ ማረፋቸውን ለምታውቋቸው ሁሉ በሐዘን እገልጻለሁ። ሳታውቋቸው የምታውቋቸው ለምትመስሉም ጭምር። ታመው ሲተኙ ደጃቸውን ያልረገጠ ሁሉ አባሲያ ቤተ ክርስቲያን ለፍትሐቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ሲነፋረቅ አየሁ። «ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም» ይባል የለ? እኔ ግን የግድግዳ ጎረቤታቸው ስለነበርኩ በሕይወት ሳሉም ላመሰግናቸው ሞክሬ ነበር።

ጋሼ አገር ቤት በወጣትነታቸው አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ የበረራ ሰዓት ይመድቡ ነበር። ካይሮ ከተሰደዱ በኋላ ከጥገናው ፋታ ሲያገኙ የኮምፒዩተር የአውሮፕላን ጨዋታ ከፍተው ይቀመጣሉ። ታዲያ እሳቸው አያበርሩም። ሌላው ተጫዋች መሪ ጨብጦ ሲንጠራራ፣ እሳቸው ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚያበርራቸውን አውሮፕላኖች ያሰናዳሉ፤ የትኛው መቼ እንደሚነሳ፣ የት እንደሚያርፍ፣ ከማን ኋላ ተራ እንደሚጠብቅ። «ባዶ ሰማይ ላይማ ማንም ጀግና ነው» ይሉ ነበር።

ሁለት ሰማይ ነበራቸው። አንዱ የዛሬው ነው፤ ሌላው እሳቸው ወጣት ሳሉ የነበረው፣ ባለ ውልብልቢት አሮጌ አውሮፕላን የሞላበት። ሁለቱን መቀላቀል በእሳቸው ዘንድ ኃጢአት ነው። አንድ የሰፈር ጎረምሳ የዘንድሮን ጄት ከጥንቱ ጎን አቁሞ ቢያሳያቸው፣ «ያዕኒ፣ ማለት አንተና አያትህ በአንድ ቀን ተወለዳችሁ?» ብለው ከሱቃቸው አስወጡት።

የግብፅ አብዮት በፈነዳ ሰሞን ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋረጠ፣ ሰዓት እላፊ ታወጀ። ዶቂ ሰፈር የምሠራበት ቤት ሰዎች እንዳልመጣ ነግረውኝ ስለነበር፣ ገና ጨቅላ የሆነች ልጄን ታቅፌ ቤት ተዘግቼ ዋልኩ። ጋሼ ተሰልፈው የዱቄት ወተት አመጡልኝ። ላመሰግን አፌን ስከፍት «ለአንቺ አይደለም፣ ለእሷ ነው» ብለው በሩን ዘጉት።

በዚያው ሰሞን የስደተኞች ማኅበራችን ሊቀመንበር፣ ስሙን አልጠራም፣ ብጠራው ይኮራል፣ ከሕንፃችን ሥር ያለው ሱቃቸው ገብቶ ስክሪኑ ላይ አንድ አውሮፕላን ከካይሮ ሲነሳ አየ።

«ወዴት ነው ይሄ?»

«አዲስ አበባ» አሉት፣ ስለ ጨዋታው የጠየቃቸው መስሏቸው።

በቃ፣ ራዳር አገኘሁ፣ ወደ አገር የሚወስዱን አውሮፕላኖች እየተነሱ ነው ብሎ ሮጠ! ወዲያው ሕንፃው በሙሉ ሻንጣውን ይዞ ወረደ። እኔም ልጄን አዝዬ ወረድኩ። ሚክሮባስ የሚሉት ሚኒባስ የለም፤ ኤርፖርት ለመድረስ ከተማዋን በታንክና በተኩስ መሀል በእግር ማቋረጥ ነው።

ጋሼ የሕንፃው በር ላይ ቆሙ። «ጨዋታ ነው እኮ! እኔ ነኝ ያሰለፍኳቸው!»

«ለራሳቸው ሊያስቀሩት ነው» አለ ሊቀመንበሩ።

ጋሼ ሱቃቸው ገብተው የዛሬውን ሰማይ ዘጉና የጥንቱን ከፈቱ። ስክሪኑ ላይ የካይሮ አውሮፕላን ማረፊያ በአሮጌዎቹ ተሞላ። «እነዚህ በረራ ካቆሙ ስንት ዘመናቸው። በል፣ በየትኛው ነው የምትሄደው?» አሉት።

ሊቀመንበሩ ትንሽ አሰበና ምን ቢል ጥሩ ነው? «ለአስቸኳይ ጊዜ አሮጌዎቹን አውጥተዋል ማለት ነው!» ተከታዮቹም እልል አሉ። ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ጭንቅላት ነው ለመሪነት የመረጥነው።

ልጄ ጀርባዬ ላይ ታለቅሳለች። «ጋሼ፣ በእሷ ይዤዎታለሁ፣ እውነቱን ይንገሩኝ» አልኳቸው። ቁጣቸው በረደ። ወንበራቸው ላይ አስቀመጡኝና ሊነሳ የተዘጋጀ አንድ አውሮፕላን ዓይኔ እያየ አጠፉት። «አየሽ? ሰው ቢኖርበት እንዲህ ይደረጋል? ባዶ ነው ልጄ፣ ሁሉም ባዶ ነው። ይችን ሕፃን ለባዶ ነገር ጥይት መሀል አታውጪያት» አሉኝ። ሻንጣዬን መልሼ ወደ ላይ ወጣሁ።

የቀሩት ሄዱ። መንገድ ላይ ተኩስ ሲጀመር ቀድሞ ሻንጣውን ጥሎ የተመለሰው ሊቀመንበሩ ነው። አንዲት እህታችን እግሯን በተባራሪ ጥይት ተመታች፤ ዛሬም ታነክሳለች። «ማሌሽ» አላት፤ «ምንም አይደል» እንደ ማለት። ከዚያ በኋላም ስለዚያ ቀን ለዓመታት ትንፍሽ አላለም።

ይኸው ሰው ነው እንግዲህ በቀብሩ ላይ ማይክ የጨበጠው። «ካፒቴን መኩሪያ በዚያ ክፉ ቀን መሩን፤ ዛሬ ደግሞ ወደ ሰማይ በረሩ» አለ የአዞ እንባውን እየጠረገ። ድንቄም ካፒቴን! ጋሼ አንድም ቀን አውሮፕላን አላበረሩም። ስደተኛ እንደሆኑ፣ ከካይሮ ሳይወጡ፣ በሳንባ በሽታ ተሠቃይተው ነው የሞቱት።

ጋሼ፣ ቦታውን አክብሬ ዝም አልኩ እንጂ ምላሴን ያውቁታል። ያቺ ሕፃን አድጋ ትምህርት ቤት ገብታለች። የሰውየውን ንግግር ሰምታ ኖሮ፣ ስንመለስ «ጋሼ የት በረሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አልበረሩም። ሞተዋል፣ ቀብረናቸዋል፣ አይመለሱም» አልኳት። ብዙ አለቀሰች፤ እኔም ከእሷ ጋር አለቀስኩ። እርስዎ በእውነት ላተረፏት ልጅ መዋሸት ስላልቻልኩ ነው። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼዬ።