ታህቱ ሁሉ ሃያ አራት

መምህር አራጌ ሰው አያምንም። መካነ ሰላም ላይ ሒሳብ ሲያስተምር አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ አሥራ አራቱንም ዓመት የፈተና ወረቀት ወደ መስኮቱ ብርሃን እያነሣ ሲመረምር ኖሯል። የተማሪ እጅጌ ያስጠቀልላል፤ ማስመሪያ ገልብጦ ያያል። ገና ጀማሪ ሳለ፣ ክፍሉ በሙሉ ከአንድ አጤሬራ ገልብጦ ዘጠና ዘጠና ሲያመጣ በደስታ አጨብጭቦላቸው ነበር። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲመጣ ግማሾቹ ወደቁ። ያን ጊዜ የሳቁበትን መምህራን እስከ ዛሬ አልረሳም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ እሺ፣ ይሁን። ልጡ ግን ምን አደረገ?

ልጡ ዘንድሮ ሀያት ሆነች፤ ሰባተኛ ክፍል፣ ከጥግ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ። ጥያቄው ቀላል ነበር፦ ለእያንዳንዱ ክፍልፋይ አንድ አቻ ክፍልፋይ ጻፉ። ሌላው ልጅ ለአንድ ሁለተኛ “ሁለት አራተኛ” ብሎ ሲያልፍ፣ እሷ “አሥራ ሁለት ሃያ አራተኛ” አለች። ለሦስት አራተኛ፣ አሥራ ስምንት ሃያ አራተኛ። ለሁለት ሦስተኛ፣ አሥራ ስድስት ሃያ አራተኛ። ከአሥሩ ጥያቄ የዘጠኙም ታህት፣ የታችኛው ቁጥር፣ ሃያ አራት! አሥረኛውን፣ ሁለት አምስተኛን፣ ባዶ ትታዋለች። ስርዝ ድልዝ የለው።

አራጌ ያላመነው ይኸን ነበር። መልሱ ልክ ነው፤ ግን የትኛው ልጅ ነው ሃያ አራት ብሎ የሚያስብ? አንድ ሰው ጽፎ ሰጥቷታል፤ ያልሰጣትን አንዷን ደግሞ አጣች። አለቀ።

“ሀያት፣ ዜሮ!” አለ በክፍሉ ፊት። “ከማን እንደገለበጥሽ አባትሽ መጥተው ይጠይቁሽ።”

አባቷ ሸህ ይማም ከወግዲና ከአጅባር ለሚመጡ ደረሶች፣ ለእስልምና ተማሪዎች፣ የውርስ አከፋፈል ኪታብ የሚያስቀሩ፣ ማለትም የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። በማግሥቱ ልጂቱን አስከትለው ወደ መምህራን ቢሮ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል።

“አሰላሙ አለይኩም።”

“ወአለይኩም ሰላም፣ ይግቡ ሸህ ይማም።”

“መምህር፣ ሌብነት የምትማርበት ከሆነ ትምህርት ቤቱ ይቅርባት። ዛሬ እውነቱን ካላወጣች ከነደብተሯ ይዣት እመለሳለሁ።”

አያችሁልኝ? አንዳቸውም ልጂቱን አልጠየቁም፤ ፍርዱ ግን አልቋል።

አራጌ ወረቀቱን ዘረጋው። “ይችን ሃያ አራት ማን ሰጠሽ? ወንድምሽ ነው? ሞባይል ነው?”

እሷ ሳትመልስ ሸሁ ወረቀቱ ላይ አጎነበሱ። “ሃያ አራት እኮ የኛ ናት” አሉ ቀስ ብለው። “ለሚስት ስምንተኛ፣ ለእናት ስድስተኛ፣ ለሴት ልጆች ሁለት ሦስተኛ። ድርሻውን አንድ ላይ ለማስላት ሁሉንም ወደ ሃያ አራት እናመጣዋለን።” ወዲያው ወደ ልጃቸው ዞሩ። “አንቺ ግን ከየት አመጣሻት? እኔ ወንዶቹን እንጂ አንቺን አላስቀራሁ!”

ጥርጣሬው ሰው ለወጠ እንጂ አልበረደም።

“ለደረሶቹ የውዱእ መታጠቢያ ውኃ ሳቀርብ እሰማለሁ፣ አባባ። ደረሳው ጠልሐ የሃያ አራትን ስድስተኛ ሦስት ነው ብሎ ሲሳሳት፣ እኔ በሆዴ አራት እላለሁ።”

አራጌ አሁንም አልተረታም። ጠመኔ ሰጣት። “ሁለት አምስተኛንስ? እሱ ለምን ጠፋብሽ?”

“አባባ ጋ አምስተኛ የሚወርስ የለም። ሃያ አራት ለአምስት እኩል አይካፈል።” የቢሮውን ሰሌዳ ትኩር ብላ አየች። “ታህቱን መቶ ሃያ ላርገው?” ጻፈችው፦ አርባ ስምንት መቶ ሃያኛ።

አራጌ ሁለት ጊዜ አስልቶ ዜሮውን ሰረዘ፤ ዘጠኝ ጻፈ። ሸሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሁለት የተማሩ ሰዎች፣ ሁለቱም ድርሻ ማካፈል የሚያስተምሩ! “አፉ በይን”፣ ይቅር በይን፣ ማለት ግን ከሁለቱም አልወጣም።

“በሉ እንግዲህ፣ ትማር” አሉ ሸሁ፣ ለመሄድ ተነሥተው።

ሀያት ወረቀቱን አልተቀበለችም። “ዜሮ ያሉኝ በክፍሉ ፊት ነው፣ ቲቸር። ከትናንት ጀምሮ ኮራጅ እያሉኝ ነው።”

“ነገ እነግራቸዋለሁ።”

“ዛሬ ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ሒሳብ አለን።”

ሸሁ “ሀያት!” ብለው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት። አራጌ ወረቀቱን አነሣ። ልማድ ሆኖበት ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ ሊያደርገው ሲል፣ ልጂቱ እጁን እጁን እያየች ነበር። አወረደው። ስድስተኛ ክፍለ ጊዜን ሳይጠብቅ፣ ከፊቷ ቀድሞ ወደ ክፍሉ መንገድ ጀመረ።